«ክረምት» የሚለው ሣጥን

ልጄን ከድጋፉ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ፤ ያውም እየኮራሁ።

አጅዋንግ የምትማረው እዚሁ ጋምቤላ፣ የግል ኮሌጅ ነው። አካውንቲንግ። ኮሌጁ የአራት ዓመቱን ዲግሪ በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ «የተፋጠነ» የሚባል ፕሮግራም አለው። ተማሪዎቹ «ፈጣኑ» ይሉታል። ኮርስ አይቀነስላቸውም፣ ፈተና አይቀርላቸውም፤ የሚቀርባቸው ዕረፍት ብቻ ነው። ሌላው ተማሪ ሰኔ ላይ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ የፈጣኑ ልጆች ሐምሌንና ነሐሴን ክፍል ገብተው ይማራሉ። ለሌላው በዓመት ሁለት የሆነው ሴሚስተር ለእነሱ ሦስት ነው።

እዚያ ያስገባኋትም እኔው ነኝ። አባቷ ኦሉም ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ ባሮ ድልድይ አጠገብ ባለ ፔንሲዮን አንሶላ አጥባለሁ። ወደ ጀዊና ወደ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ የሚመላለሱ የዕርዳታ ሠራተኞች ናቸው የሚያድሩበት። የካምፑን ጥቁር ጭቃ በጫማቸውም በሱሪያቸውም ይዘው ይመጡና ነጭ አንሶላ ላይ ይጋደማሉ። ወገቤ አራት ዓመት እንደማይችልልኝ እኔ አውቃለሁ፤ ሦስት ይበቃዋል። «ፈጣኑን ግቢ» አልኳት፤ ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት የኦሉምን ሞተር ሳይክል ሸጬ ከፈልኩ። ለሁለተኛው ዓመት ቤቴ ውስጥ የሚሸጥ ነገር አልነበረም።

የድሃ ልጅ የግል ኮሌጅ ክፍያ የሚከፍል አንድ ድርጅት ከተማችን ውስጥ ቢሮ አለው። ሰኔ ላይ «አመልክቱ» ብሎ ለጠፈ። አጅዋንግ ፈተና ላይ ስለነበረች ወረቀቶቿን ይዤ እኔ ሄድኩ። ፎርሙን የምትሞላው ቤዚ የምትባል ልጅ ናት፤ ትሕትናዋ ደስ የሚል፣ እጇ ቶሎ ቶሎ የሚጽፍ። ስም ጠየቀችኝ፣ የአባት ስም ጠየቀችኝ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን አየች። ከዚያ ሦስት ሣጥኖች ላይ ደረሰች።

«እትዬ፣ ልጅዎ መደበኛ ናት፣ የማታ ናት፣ ወይስ የክረምት?»

«እንዴት ማለት?»

«መቼ ነው የምትማረው?»

«ሁልጊዜ ነዋ!» አልኩ። «በጋም ክረምትም።»

«ክረምትም ትማራለች?»

«ክረምትም! ሰው ሁሉ ተኝቶ እሷ በዝናቡ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ትሄዳለች። ክረምቱን ጻፊው፤ እንዳትረሺው።»

ቤዚ «ጎበዝ ልጅ ናት» አለችና «ክረምት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። እኔም መርቄያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ለባጃጁ ሾፌር ሳይቀር ነገርኩት።

ለካ ቢሮ ውስጥ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ ሰው ነው። ደመወዝ ያለው ሰው። ዓመቱን ሙሉ ሥራው ላይ ቆይቶ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ የሚማር አስተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እሱ ነው «የክረምት ተማሪ» የሚባለው። አርባ ስምንት ዓመት ስኖር ክረምትን የማውቀው በደመናውና ባሮ ሲሞላ ነው። በሣጥን አላውቀውም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተፈቀደላቸው ልጆች ስም ተለጠፈ። ሰኞ ዕለት አንሶላውን ገመድ ላይ አስጥቼ ሄድኩ። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አየሁት፣ ከታች ወደ ላይ አየሁት። ጥበቃው ጋትኬክ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣ።

«ማዘር፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አጅዋንግ ኦሉም።»

እሱም ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያስኬደ አየ። «የለም» አለ። «ኦሉም ሁለት አለ። አጅዋንግ አንድም የለም።»

ገባሁ። ቤዚ ፋይሉን አወጣችና ገና ሳትገልጠው ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ደመወዝ አላት ተብሎ ነው የታለፈችው።»

«ማን ነው ደመወዝ አላት ያለው?»

«ማንም አላለም። ሣጥኑ ነው። የክረምት ተማሪ ከሆነች ሠራተኛ ናት ተብሎ ይያዛል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው! ሞግዚትነት እንኳን ተቀጥራ አታውቅም!»

«ገባኝ፤ እኔም አሁን ነው የገባኝ» አለች ቤዚ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የፈጣኑ ልጆች ሌሎቹ ሁሉ መደበኛ ብለው ነው የሞሉት። እርስዎ ብቻ ነዎት ክረምት ያሉት።»

«ትማራለቻ!»

«ትማራለች። ግን መመሪያው በዓመት ሁለት ሴሚስተር ነው የሚከፍለው። ሦስተኛውን አያውቀውም።»

ወንበር ሳትሰጠኝ ተቀመጥኩ። «ቆይ፣ ልጄ» አልኳት። «መደበኛው ልጅ አራት ዓመት ሲማር ስንት ሴሚስተር ይከፈልለታል?»

«ስምንት።»

«ያንኑ ስምንት የእኔ ልጅ በሦስት ዓመት ብትጨርሰውስ?»

ቤዚ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረች። «ስድስት።»

«ሁለቱስ?»

«ሁለቱ በእርስዎ ነው።»

«ስሚኝ» አልኳት። «እኔ አንሶላ አጣቢ ነኝ። ሃያ አንሶላ በአንድ ቀን ባጥብ የሃያ ይከፈለኛል። በሁለት ቀን ባጥብም የሃያ ይከፈለኛል። የፔንሲዮኑ ባለቤት እንዴት ያለ ስግብግብ መሰለሽ፤ ሳሙናውን እየለካ ነው የሚሰጠኝ። እሱ እንኳን አንድ ቀን ‹ቶሎ ስለጨረስሽ የአምስቱን ቀነስኩብሽ› ብሎኝ አያውቅም።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ።»

«እውነት ከሆነ ጻፊዋ!»

«ፎርሙ ላይ እሱን የምጽፍበት ቦታ የለም» አለችኝ። እያላገጠችብኝ አልነበረም፤ ፎርሙን አዙራ አሳየችኝ። እውነትም አልነበረም።

ማረም የሚችለው አለቃቸው አቶ ዘርአብሩክ ብቻ ነው አለችኝ። «የታለ?» ስላት ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ወጥቼ ጋትኬክን ጠየቅሁት።

«አለቃ የለም» አለ። «ትምህርት ሄዷል።»

«የምን ትምህርት?»

«ማስተርስ። አዲስ አበባ። ክረምት ይሄዳል፣ ጳጉሜን ይመጣል።»

«የክረምት ተማሪ ነው?»

«አዎ፣ የክረምት።»

«ደመወዝ አለው?»

ጋትኬክ ጥርሶቹ ሁሉ እስኪታዩ ሳቀ። «ማዘር፣ አንቺ ደግሞ! አለቃ ደመወዝ የሌለው የት አየሽ? አበልም አለው። የቤት ኪራይም አለው።»

«ትምህርቱን ማን ይከፍልለታል?»

«ድርጅቱ ነዋ። አቅም ግንባታ ይሉታል።» ወደ በሩ ዞሮ ዱላውን አነሳ። «እኔም ዘጠኝ ዓመት በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ። የእኔን አቅም የሚገነባ አልመጣም።»

አፌ ውስጥ የሞላውን ልተፋው ፈልጌ ነበር። ግቢው የተጠረገ ነው፤ የጠረገችውም እንደ እኔ ያለች ሴት ናት። ዋጥኩት።

ማታ አጅዋንግ ከክፍል ስትመጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። እግሯን ሳፋ ውስጥ አድርጋ እያጠበች ሳለ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ቀና አለች።

«እማ፣ ‹መደበኛ› ማለት ብቻ ነበር እኮ። አንድ ቃል።»

«ክረምት አትማሪም?»

«እማራለሁ።»

«ታዲያ ልዋሽ?»

«መዋሸት አይደለም። እንደዚያ ነው የሚሞላው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሞላው። እናቱን የላከ ማንም የለም፣ እኔ ብቻ!»

ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። እሷም ገባትና ድምጿን አለሰለሰች። ኮሌጁ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ነገረችኝ። «በክረምት ትምህርት እንደሌለን ይጽፉልናል። እሱን ስትሰጫቸው ያስተካክሉታል።»

«ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ክፍል።»

«ነገስ?»

«ክፍል።»

«ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ ክፍል የለም የሚል ወረቀት ልትይዢ ነው?»

አጅዋንግ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «ካልሆነ ወደ መደበኛው እዛወራለሁ፣ እማ። አንድ ዓመት ይጨመራል እንጂ ይከፍሉልኛል።»

«ቀስ እንድትዪ ይከፍሉሻል፣ እንድትፈጥኚ አይከፍሉሽም?»

«አዎ።»

«ወገቤስ?»

የሳፋውን ውኃ ደጅ ደፋችና ደብተሯን ይዛ ገባች።

እኔ ግን በዓይኔ ካላየሁ የሚባለውን አላምንም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ኮሌጁ ሄድኩ። ሬጅስትራሩ አቶ ይግዛው ይባላል፤ ወፍራም፣ ከሳሽም ተከሳሽም የማይመስል ሰው። ጉዳዩን ስነግረው ግማሹን ሳልጨርስ መሳቢያ ከፈተ። ደብዳቤው ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ተከምሮ ነበር። የሚቀረው የተማሪ ስም ብቻ ነው።

«ስም?» አለ እስክሪብቶውን አንስቶ።

እኔ ግን የማዳምጠው ሌላ ነገር ነበር። ከግድግዳው ማዶ አስተማሪው እየጮኸ ነው፤ ልጆቹ አብረው ይመልሱለታል። ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው እንኳን ይሰማል።

«የሚሰማው ምንድን ነው?» አልኩት።

«የቱ?»

«ይኼ ድምፅ።»

«ክፍል ነዋ፣ እናቴ። የፈጣኑ ልጆች ናቸው።»

«ይኼ ወረቀት ክፍል የለም አይደል የሚለው?»

አቶ ይግዛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተናደደም። «ወረቀቱ ለእነሱ ነው፤ ድምፁ ለእኛ ነው» አለኝ።

«እነሱ ይኼን አያውቁም?»

«እንዴት አያውቁም! ስልክ ደውለው ‹ደብዳቤው አልቆባችኋል እንዴ› የሚሉን እነሱ ናቸው።»

የሰው ቆሻሻ ስንት ዓመት አጥቤያለሁ፤ የታመመ ሰው አንሶላ አጥቤያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያቅለሸለሸኝ ቀን የለም። የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ትንሽ ይደበቃል። እነዚህ ግን አትመው፣ ማኅተም መትተው መሳቢያ ውስጥ ደርድረውታል።

«አልፈልገውም» አልኩ። «እውነቱን ይዤ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ።»

«እንደ ፈቃድዎ» አለ መሳቢያውን እየዘጋ። «ግን ልንገርዎት። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ መስከረም ሃያ ይዘጋል። እስከዚያ ስሟ ከድርጅቱ ካልመጣልን ክፍል አናስገባትም። እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም።»

እሱስ ክፉ አይመስልም ነበር። ማንም ክፉ አይመስልም።

አቶ ዘርአብሩክ ጳጉሜን ላይ መጣ፤ ኮሚቴው መስከረም አሥራ አምስት እንደሚሰበሰብ ጋትኬክ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ያን ጠዋት አጅዋንግ ነጠላዬን ስታቀብለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀት ስትከት አየኋት። ደብዳቤው ነው። ሄዳ በራሷ አስሞልታዋለች።

«አላወጣውም» አልኳት።

«አታውጪው። ግን እዚያ ይሁን።» በሩ ላይ ቆመች። «እማ፣ አንቺ ልክ ነሽ። እኔ ልክ አይደለሽም አላልኩም። ግን ክፍል የምትገቢው አንቺ አይደለሽም።»

መንገዱን ሙሉ ይኼን ሳላምጥ ሄድኩ።

ከቢሮው ደጅ አግዳሚው ላይ አንዲት የኑዌር ሴት ተቀምጣለች፤ ኛጃል ትባላለች፣ ቤቷ ኒውላንድ ሰፈር ነው። ልጇ ቱት ከአጅዋንግ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው። የእሱም ስም አልወጣም፤ መደበኛ ብሎ ሞልቶ ደብዳቤውን ሳያያይዝ ቀርቶ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገሯትም፤ ኑ ስለተባለች መጥታለች። በሰፈራችን የእነሱ ሰውና የባሌ ወገን ብዙ አይቀማመጥም፤ ዘመዶቹ ቢያዩኝ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። እኔ ግን ማንንም አስፈቅጄ ተቀምጬ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ውስጥ ምን ይጠይቃሉ?» አለችኝ።

«ክረምት ይማራል ወይ ይሉሻል።»

«ይማራል! ቱት በጣም ይማራል። እሑድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይማራል ልበል?»

«እኔ ቀድሜ እገባለሁ» አልኳት። «እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለሁሉም። ካልገባቸው እስኪገባቸው አልወጣም።»

እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ጋትኬክ ስሜን ጠራ፤ «ወይዘሮ የሺአረግ!»

ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። አቶ ዘርአብሩክ ከመካከል፣ ቤዚ ቃለ ጉባኤ ይዛ፣ ሁለቱ ሌሎች ስልካቸውን ይዘው። አቶ ዘርአብሩክ ቀልጠፍ ያለ ሰው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አዲስ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ። ብድግ ብሎ ጨበጠኝ።

«ይቀመጡ፣ እናት። ጉዳይዎን ቤዚ ነግራናለች። ትንሽ የሣጥን ስሕተት ነው።»

«የሣጥን ስሕተት አይደለም» አልኩ። «ልጄ ክረምት ትማራለች። ሣጥኑ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው የእናንተ መመሪያ ነው።»

አንደኛው ሰውዬ ከስልኩ ቀና አለ።

የአንሶላውን ነገርኳቸው። ስምንቱንና ስድስቱን ነገርኳቸው። ልጄ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ብትጨርስ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ሥራ ይዛ ከእነሱ እጅ እንደምትወጣ፣ ለሌላ ድሃ ልጅ ቦታ እንደምትለቅ ነገርኳቸው። አቶ ዘርአብሩክ አላቋረጠኝም። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ማዳመጥን የሠለጠነበት ይመስላል።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «ግን መመሪያው የሚያውቀው በዓመት ሁለት ሴሚስተር ነው።»

«መመሪያውን ማን ጻፈው?»

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴው ማን ነው?»

«እኛ... እኛ ነን።»

«በሉ ቀይሩታ። አራታችሁም አላችሁ። እስክሪብቶም ይኸው።»

ቤዚ ከንፈሯን ነከሰች። አቶ ዘርአብሩክ ፈገግ አለ። «እናት፣ መመሪያ እንዲህ በአንድ ጠዋት አይለወጥም። ጥናት ይፈልጋል።»

«ጥናቱ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«የትኛው?»

«የእርስዎ። አዲስ አበባ። ክረምቱን።»

ሁለተኛው ሰውዬ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። የአቶ ዘርአብሩክ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ከፈገግታው ወጣ።

«የእኔ በሌላ በጀት ነው» አለ።

«ኪሱ ሌላ ይሆናል፤ ሱሪው ግን አንድ ነው።»

«ወይዘሮ የሺአረግ» አለ። እናት መባሌ በዚያው ቀረ። «ሌሎች ሰዎች እየጠበቁ ነው። ባጭሩ ልንገርዎት። አንደኛ፣ ከኮሌጁ ደብዳቤ ካመጡ መደበኛ ተማሪ ትሆናለች፤ ሁለት ሴሚስተር እንከፍላለን። ሁለተኛ፣ ወደ አራት ዓመቱ ትዛወር፤ ሙሉ እንከፍላለን። ሦስተኛ፣ ሣጥኑ ልክ ነው ካሉ የክረምት ተማሪ ናት፤ ለክረምት ተማሪ አንከፍልም። የእርስዎ ምርጫ ነው።»

«ደብዳቤው ውሸት መሆኑን ታውቃላችሁ?»

«እኛ የምናየው የቀረበልንን ነው።»

አራቱንም በየተራ አየኋቸው። አንዱ እንኳን አላፈረም። ቤዚ ብቻ እስክሪብቶዋን ትነቀንቃለች፤ እሷም ቢሆን ቶሎ እንድጨርስላት ነው። በግድም ቢሆን እስኪገባቸው እቆያለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ለካ ገብቷቸዋል። ከእኔ በፊት፣ ከእኔ በላይ ገብቷቸዋል። የገባውን ሰው ምን ታስረጂዋለሽ?

ብነሳና ብወጣ ኩራቴን ይዤ እወጣለሁ። አምስት ቀን ቆይቶ የኮሌጁ በር ይዘጋል። ክፍል የምትገቢው አንቺ አይደለሽም ብላኛለች።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አቶ ዘርአብሩክ ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ። «‹ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ተማሪ በክረምት ወራት ምንም ዓይነት ትምህርት የማትከታተል መሆኑን እንገልጻለን›። ይኸው! ከመጀመሪያው እንዲህ ቢባል ኖሮ ይኼን ሁሉ ባልደከምን።» እናትነቴም ተመለሰልኝ። «እናት፣ ለቃለ ጉባኤው ያህል ነው፣ ያረጋግጡልናል?»

«ምኑን?»

«ክረምት ክፍል እንደማትገባ።»

ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት። «ክረምት ታርፋለች።»

ምላሴ በረኪና የቀመሰ መሰለኝ። ቤዚ ጻፈችው። አቤት እንዴት ፈጥና ጻፈችው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ቀለም አምጪልኝ። በጣት ነው።»

«ሰኔ ላይ ስምዎን ጽፈው ነበር እኮ።»

«ሰኔ ላይ የተናገርኩት ሌላ ነገር ነበር» አልኳት። «ለዚህኛው ጣቴ ይበቃዋል።»

የቀለሙን ጣሳ ፈልጋ አመጣች። ጣቴን ነክሬ፣ «የማትከታተል መሆኑን» ከሚለው በታች ተጫንኩት። አቶ ዘርአብሩክ ተነስቶ እንደገና ጨበጠኝ፤ ቀለሙ እጁን ነካው። መሐረብ አውጥቶ ወዲያው ጠረገው። የአጅዋንግ ስም ዛሬውኑ ወደ ኮሌጁ ይሄዳል አለኝ። ሁለት ሴሚስተር። የሚመጣውን ክረምት የእኔ ወገብ ይከፍላል።

ስወጣ ኛጃል ብድግ አለች።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እውነቱን?»

«እውነቱን ነገርኳቸው፤ ያውቁታል። አይከፍሉበትም።» አግዳሚው ላይ ወደ ታች ሳብኳትና በጆሮዋ ተናገርኩ። «ስሚኝ። ከኮሌጁ ደብዳቤ አለሽ?»

«ቱት ሰጠኝ።» ከብብቷ አወጣች፤ ተጣጥፎ፣ በላብ ረጥቧል። ያው ነው። ስሙ ብቻ ሌላ ነው።

«እሱን ስጫቸው። ክረምት ይማራል ወይ ሲሉሽ ክረምት ያርፋል በያቸው።»

«ያርፋል ምንድን ነው?»

«ቤት ይቀመጣል። ይተኛል።»

ኛጃል ትክ ብላ አየችኝ። «ቱት አይተኛም» አለች። ድምጿ ከፍ ስላለ ጋትኬክ ዞር አለ። «ቱት ክረምት ሁሉ ዝናብ እየመታው ሄደ። አሞት ነበር፣ ሄደ። ልጄን ሰነፍ ልበል?»

«አዎ» አልኳት።

«አንቺ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

ጣቴን አየችው፤ ቀለሙ አልደረቀም። ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አቃናችው። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቃሉ ከበዳት፤ «ያርፋል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አበላሸችው። ሦስተኛው ላይ እኔ አረምኳት። ቀስ ብዬ፣ ቆራርሼ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው አድርጌ አልኩላት። ደገመችው። «አሁን ልክ ነው» አልኳት።

ጋትኬክ ስሟን ጠራ። ገባች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

መሄድ ነበረብኝ፤ አንሶላው ይጠብቀኛል። ግን ቆምኩ። ከዚያች ሴት አፍ እውነቱ እንዲወጣ ፈልጌ እንደሆነ፣ ወይ እንዳይወጣ ፈልጌ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የአቶ ዘርአብሩክ ድምፅ ይሰማል፤ «ይቀመጡ፣ እናት» ይላል። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ጠየቃት።

ጋትኬክም ዱላውን እንደያዘ ጆሮውን ወደ በሩ አዘንብሏል።

«ቱት ክረምት ያርፋል» አለች ኛጃል፣ እኔ እንዳስተማርኳት፣ አንድም ፊደል ሳትስት።